«የተፈቀደ ሶፍትዌር ብቻ» ከማለት በፊት የተፈቀደው ይታወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ላብ በር ላይ «ከተፈቀደው ሶፍትዌር ውጭ መጫን በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ማየት የተለመደ ነው። ክልከላው ልክ ነው፤ እኛም ላብ የምናስተዳድር ባለሙያዎች እንደግፈዋለን። የጎደለው ከጎኑ መለጠፍ የነበረበት ሁለተኛው ወረቀት ነው። የተፈቀደው የትኛው ነው? በዝርዝሩ የሌለ ሲያስፈልግ ማን ይጠየቃል? መልሱስ በስንት ቀን ይመጣል? ይህ ሳይታወቅ ሲቀር የቴሲስ ማስረከቢያው ቀን ተማሪውን አይጠብቀውም፤ መምህሩም ነገ ጠዋት ላብ አለበት። ስለዚህ ከጓደኛ ሀርድ ዲስክ ወይም ከግቢው በር ማዶ ካለ ሱቅ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ሶፍትዌር ይመጣና ማታ ላይ ይጫናል። ክልከላው መጫኑን አላስቀረም፤ ከላብ ባለሙያው ዓይን ብቻ ሰወረው።

ክራክ ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ የሚሆነውን አንድ በአንድ እንይ። ፋይሉ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ዚፕ ወይም ራር ይመጣል፤ ከውስጡ «መጀመሪያ ይህን አንብብ» የምትል አጭር ጽሑፍ አለች። መመሪያዋ ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም፦ ኢንተርኔት አቋርጥ፣ አንቲቫይረስ አጥፋ፣ ሶፍትዌሩን ጫን፣ የክራኩን ፋይል ገልብጠህ በዋናው ምትክ አስገባ፣ በመጨረሻም «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» (በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስነሳ) በል። ዚፑ የሚቆለፈው አንቲቫይረሱ ውስጡን እንዳይፈትሽ ነው። አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ የሚጠየቀው ደግሞ «ክራክን ሁሉ ቫይረስ ነው ስለሚል ነው» ተብሎ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ተጨማሪ ነገር የተሸከመውና ያልተሸከመው ክራክ በተጠቃሚው ዓይን አንድ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው እውነት ይሁን ሐሰት የሚለይበት መንገድ የለውም።

አድሚኒስትሬተር ሆኖ የተነሳ ፕሮግራም የፈለገውን ያደርጋል። ሌላ ፕሮግራም ይጭናል፣ አዲስ አካውንት ይከፍታል፣ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነውን ዲፌንደርን «እዚህ ፎልደር ውስጥ እንዳትፈትሽ» ብሎ ያዘዋል። ብዙ ሰው የማያየው ይህን የመጨረሻውን ነው። ዲፌንደር ተመልሶ ቢበራም እንዳይነካ የተነገረውን ፎልደር አይነካም። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ሲጠረጠር መጀመሪያ መታየት ያለበት የዲፌንደር «ኤክስክሉዥንስ» (እንዳይፈተሹ የተተዉ ቦታዎች) ዝርዝር ነው። ባለሙያው ያላስገባው መስመር እዚያ ካለ ስካን አድርጎ ማለፍ አይበቃም፤ ያ ኮምፒውተር ፎርማት ተደርጎ እንደ አዲስ መጫን አለበት።

ከክራክና ከቁልፍ ማውጫ (ሐሰተኛ የፈቃድ ቁጥር ከሚያወጣ ፕሮግራም) ጋር አብሮ በመምጣት የሚታወቀው ስቶፕ ዲጄቩ የሚባለው ፋይል ቆላፊ፣ ማለትም ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ለመፍጠን ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው። ከረጅም ቪዲዮ ወይም ከትልቅ ዚፕ ውስጥ አንዳንድ ነገር የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። በተለመደው የ384 መላሾች ናሙና የተሰበሰበ መጠይቅ ግን በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ በኤስፒኤስኤስ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ይቆለፋል። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. 148 ዓይነቶቹን የሚመለከት ነፃ መፍቻ አውጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የተለየ ቁልፍ ከራሳቸው ሰርቨር ስለሚያመጡ ያለዚያ ቁልፍ አይፈቱም። ሦስት ወር ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ የሰበሰቡትን መረጃ በአንድ ምሽት ማጣት ማለት ይህ ነው።

ከፋይል ቆላፊው የባሰው ድምፅ የሌለው ዓይነት ነው። የይለፍ ቃል ሰራቂዎቹ ብራውዘር ላይ «አስቀምጥ» ተብሎ የተቀመጠውን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ሰብስበው ይልኩና አንዳንዶቹ ራሳቸውን አጥፍተው ይወጣሉ። መምህር ውጤት የሚያስገባበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ከሆነ የሬጅስትራሩ መግቢያ ቃል በሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ማንም አይጠረጥርም።

ጉዳዩ ከአንድ ኮምፒውተር አልፎ ተቋም እንደሚያዳርስ የሚያሳይ በዝርዝር የተመዘገበ ምሳሌ አለ። ሶፎስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው በአውሮፓ ያለ የባዮሎጂ ምርምር ተቋም ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ ውድ የሆነ የመረጃ ማሳያ ሶፍትዌር ክራክ ፈልጎ ያገኛል፤ ዲፌንደር ሲከለክለው ዲፌንደሩንም ፋየርዎሉንም አጥፍቶ በራሱ ላፕቶፕ ይጭነዋል። ያገኘው ሶፍትዌር ሳይሆን የይለፍ ቃል ሰራቂ ነበር። ከ13 ቀን በኋላ በተማሪው መግቢያ ስምና ቃል አንድ የማይታወቅ ሰው ወደ ተቋሙ ኔትወርክ ገባ፤ ከዚያ 10 ቀን ቆይቶ ርዩክ የተባለው ፋይል ቆላፊ ተለቀቀ። መጠባበቂያ ቅጂው እስከ መጨረሻው ቀን የተሟላ ስላልነበረ የአንድ ሳምንት የምርምር መረጃ ጠፋ፤ ኮምፒውተሮቹንና ሰርቨሮቹንም ከመሠረቱ እንደገና መጫን ግድ ሆነ። ተማሪው ከስሙና ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ ቢጠየቅ ኖሮ የተሰረቀው ቃል ብቻውን በር አይከፍትም ነበር። መምህራን ከቤታቸው ሆነው የዩኒቨርሲቲውን ሲስተም የሚከፍቱበት አሠራር ባለበት ሁሉ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ወደ ራሳችን ላብ እንመለስ። ክራኩ የሚጀምረው ከተማሪው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከዊንዶውሱ ከራሱ ነው። የግዢ ሰነዱ የፕሮሰሰሩን፣ የራሙንና የሀርድ ዲስኩን መጠን በዝርዝር ይጽፋል፤ ስለ ዊንዶውስና ኦፊስ ሕጋዊ ፈቃድ ግን አንድ መስመር የለውም። ኮምፒውተሩ ባዶውን ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ በፍላሽ «አክቲቬተር» (ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ እንደ ሕጋዊ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ይዞ ይመጣና 40ውን በአንድ ቀን «ሕጋዊ» ያደርገዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። የፈቃድ ዋጋ በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ካልገባ በኋላ ለብቻው በጀት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው።

ተቋም የገዛውን ፈቃድ በኮምፒውተሮቹ ላይ የሚያጸድቀው እውነተኛው ማስነሻ ኬኤምኤስ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ኔትወርክ ውስጥ አንድ ሰርቨር ያቆማል። ሰርቨሩ ዊንዶውስን ማስነሳት የሚጀምረው ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው፤ ለኦፊስ 5 ይበቃሉ። ፈቃዱ ለ180 ቀን ይቆያል፤ ኮምፒውተሩም በየ7 ቀኑ ለማደስ ይሞክራል። አክቲቬተሩ የሚያደርገው ይህን ሰርቨር በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ማቆም ነው። ለማጣራት ቀላል ነው። የትእዛዝ መስኮቱን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ «ኤስኤልኤምጂአር» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ወደ ቀኝ የተዘነበለ ሰረዝና «ዲኤልቪ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። በሚመጣው ሳጥን ውስጥ የኬኤምኤስ ሰርቨሩ ስም ይታያል። የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ከሆነ ጥሩ፤ በ127 የሚጀምር የራሱ የኮምፒውተሩ አድራሻ ወይም ማንም የማያውቀው የውጭ ስም ከሆነ ሐሰተኛ ነው።

ሐሰተኛ ማስነሻ ዋናው ጉዳቱ ገንዘብ አለመክፈሉ አይደለም፤ አፕዴት ማጥፋቱ ነው። አፕዴት ሲመጣ ማስነሻው ስለሚበላሽ የጫነው ሰው አስቀድሞ አፕዴቱን ይዘጋዋል። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ የተጠቀመበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በመጋቢት 5 ቀን ነበር፤ ሁለት ወር ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የተጎዱት በአብዛኛው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ያላደሱት ናቸው። አሁን ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለትምህርት ተቋማት የተራዘመ ድጋፍ በአንድ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዓመት 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4 ዶላር አቅርቧል፤ ግን ሕጋዊ ፈቃድ ለያዘ ብቻ ነው። ክራክ ያለበት ላብ ይህን ርካሽ በር እንኳ ማንኳኳት አይችልም። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በዊንዶውስ ምትክ ነፃ የሆኑትን ኡቡንቱን ወይም ሊነክስ ሚንትን መጫን ይቻላል፤ ፕሮግራሚንግ፣ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ለሚሠራበት ላብ ከበቂ በላይ ነው።

የምህንድስና ላቦችን በተመለከተ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንመልከት። ተማሪ የሥዕል ፎልደሩን በፍላሽ አምጥቶ የምህንድስና ሥዕል መሥሪያ በሆነው አውቶካድ ላይ ይከፍታል። ከሥዕሎቹ አጠገብ «ኤካድዶክ» የሚል ስም ያላት፣ መጨረሻዋ «ኤልኤስፒ» የሆነች ትንሽ ፋይል ተቀምጣለች። አውቶካድ ሥዕል በተከፈተ ቁጥር በዚህ ስም የተጻፈን ፋይል ሳይጠይቅ የማንበብ ልማድ ነበረው። ፋይሏ ተነብባ ራሷን ወደ ሌሎች የሥዕል ፎልደሮች ትገለብጣለች፤ ትእዛዞች ይበላሻሉ፣ ፕሮግራሙ ይንቀራፈፋል። በ2004 ዓ.ም. በተለይ በፔሩ የተስፋፋችው ሜድሬ የተባለችው ዝርያ ሥዕሎቹን ራሳቸውን በኢሜይል ወደ ውጭ ትልክ ነበር። ከአውቶካድ 2014 ጀምሮ «ሴኪዩርሎድ» የሚባል መቆጣጠሪያ ገብቷል፤ ቁጥሩ 1 ሲሆን ካልታመነ ቦታ የመጣን ፋይል ከመጫኑ በፊት ያስጠነቅቃል፣ 2 ሲሆን ጨርሶ አይጭንም። ላብ ላይ 2 መሆን አለበት። በክራክ በተጫነ ቅጂ ላይ ይህ መቆጣጠሪያ 0 ሆኖ ከተገኘ ማን እንዳጠፋው ማወቅ አይቻልም። የሚያሳዝነው ደግሞ የአውቶካድ አምራች አውቶዴስክ ለተማሪና ለመምህር በየዓመቱ የሚታደስ ነፃ የትምህርት ፈቃድ መስጠቱ ነው። የሚያስፈልገው የተማሪነት ማስረጃና አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሞላው ቅጽ ነው።

ፍላሹም ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ሁሉ ጫፋቸው ላይ ቀስት ያላቸው ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። ፋይሉ አልጠፋም፤ «ስውር»ም «የሲስተም»ም ተብሎ ስለተሰየመ ነው የማይታየው። «ስውር ፋይሎችን አሳይ» ማለት ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ከሥሩ ያለውን «የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውን ምልክትም ማንሳት ያስፈልጋል። ሾርትከቱን መጫን ቫይረሱን በእጅ ማስነሳት ነው። ተማሪ ይህን አውቆ ቢገባ ግማሹ ጣጣ ይቀራል።

መፍትሔው ከምን ይጀምራል? ከአካውንት። በላብ ኮምፒውተር ላይ ተማሪም መምህርም በተራ ተጠቃሚ አካውንት ብቻ መግባት አለባቸው። የአድሚኒስትሬተሩ ይለፍ ቃል በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ከሆነ አንዱ ሲታወቅ ላቡ በሙሉ ይከፈታል፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ላፕስ የተባለው አገልግሎት ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል እየሰጠ በራሱ ጊዜ ይቀይረዋል። ዋጋ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የትኛው ፕሮግራም እንዲነሳ እንደሚፈቀድ የሚወስነው የዊንዶውስ መቆጣጠሪያ አፕሎከር ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ በ«ፕሮግራም ፋይልስ»ና በ«ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ ያለው ይነሳል፤ ከፍላሽ፣ ከዳውንሎድስ ወይም ከዴስክቶፕ የሚነሳ ይታገዳል። ተራ ተጠቃሚ በእነዚያ ሁለት ፎልደሮች፣ ከጥቂት ንዑስ ፎልደሮች በቀር፣ መጻፍ ስለማይችል የተፈቀደው ሶፍትዌር ባለሙያው የጫነው ብቻ ይሆናል። ስንት ላብ ግን ይህን አብርቶ በሳምንቱ አጥፍቶታል! ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። አንደኛ፣ «አፕሊኬሽን አይደንቲቲ» የሚባለው አገልግሎት ካልተነሳ ደንቡ ቢጻፍም አይሠራም፤ ባለሙያው «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ሁለተኛ፣ በቀጥታ ወደ ማገድ መግባት ነው። መጀመሪያ ለሁለትና ሦስት ሳምንት፣ መደበኛ የላብ ክፍለ ጊዜ እየተካሄደ፣ በመመዝገብ ብቻ ይቆይ። በክስተት መዝገቡ 8003 የሚለው ቁጥር «ቢበራ ኖሮ ይህን አግደው ነበር» ማለት ነው፤ 8004 ደግሞ በእርግጥ የታገደውን ያሳያል። 8003ቱን አንብቦ የሚያስፈልገውን ከፈቀዱ በኋላ ማብራት ነው። ሦስተኛ፣ በ«ዊንዶውስ» ፎልደር ውስጥ «ቴምፕ»ና «ታስክስ»ን የመሳሰሉ ተራ ተጠቃሚም የሚጽፍባቸው ንዑስ ፎልደሮች አሉ፤ በደንቡ ውስጥ ለብቻቸው ካልተገለሉ ክፍተት ይሆናሉ።

የሚታገዱትም ሁሌ መጥፎዎቹ አይደሉም። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ጥቅል የሆነው አናኮንዳ «ለእኔ ብቻ» ተብሎ ከተጫነ በተጠቃሚው ፎልደር ስለሚቀመጥ ይታገዳል፤ ባለሙያው «ለሁሉም ተጠቃሚ» ብሎ ሊጭነው ይገባል። ቴሌግራም ዴስክቶፕም እንዲሁ ነው። የዲኤልኤል (ፕሮግራሞች የሚጠሯቸው አጋዥ ፋይሎች) ደንብ በተጨማሪ ከበራ ደግሞ ተማሪው ራሱ ያወረዳቸው፣ ዲኤልኤል ያላቸው የስታቲስቲክስ ቋንቋው የአር ፓኬጆች መሥራት ያቆማሉ፤ በስታቲስቲክስ ላብ ይህን አለማብራት ወይም ፓኬጆቹን አስቀድሞ ለሁሉም መጫን ይሻላል። አፕሎከር የፓይተን ተማሪ የጻፈውን ኮድ አይመረምርም፤ የተፈቀደ ፓይተን ያልተፈቀደ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ለዚያ መልሱ የአካውንቱ ተራ መሆን ነው።

ብዙ ላቦች የሚተማመኑት በዲፕ ፍሪዝ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ወደነበረበት ይመለሳል። ጥቅም አለው፤ ግን ከመቀዝቀዙ በፊት ውስጡ የነበረው ክራክም አብሮ ይቀዘቅዛል፣ አፕዴቱም በእያንዳንዱ መነሳት ይደመሰሳል። በሳምንት አንድ ሌሊት ቀልጦ አፕዴት የሚወስድበት ሰዓት ካልተመደበለት ዓመቱን ሙሉ በቀዘቀዘበት ቀን እንደነበረ ሳይታደስ ይቀራል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ለእያንዳንዱ ሶፍትዌር ስሙ፣ ቅጂ ቁጥሩ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን፣ የጠየቀው ዲፓርትመንት፣ የወረደበት ኦፊሴላዊ ምንጭና የመጫኛ ፋይሉ ኤስኤችኤ 256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ሊጻፍ ይገባል። አሻራው 64 ፊደልና ቁጥር ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው «ሰርትዩቲል» ትእዛዝ ይወጣል። ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ አይጫንም። የመጫኛ ፋይሎቹ በአንድ የውስጥ ሰርቨር ይቀመጡ፤ ሁሉም ማንበብ፣ ሁለት ሰው ብቻ መጻፍ ይችላል። ይህ ለኢንተርኔታችንም ይጠቅማል። 3 ጊጋባይት አፕዴት 40 ኮምፒውተር ለየብቻ ሲያወርደው 120 ጊጋባይት ነው፤ ደብልዩሰስ በሚባለው የማይክሮሶፍት አፕዴት ማሰራጫ ሰርቨር በኩል ግን አንዴ ወርዶ በውስጥ ኔትወርክ ይሰራጫል። «አፕዴት ኢንተርኔት ይበላል» ተብሎ የሚዘጋበት ምክንያት በዚህ ይቀራል።

ዝርዝሩ ሲዘጋጅ ከየዲፓርትመንቱ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አማራጭ ሳይሰጡ መከልከል አይሠራምና። በኤስፒኤስኤስ ለሚሠራው ነፃዎቹ ጃሞቪና ጃስፕ የኤስፒኤስኤስን ፋይል በቀጥታ ይከፍታሉ፤ ድግግሞሽ፣ ካይ ስኩዌር፣ ቲ ቴስት፣ አኖቫ፣ ሊኒየርና ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሁሉ አላቸው። አብዛኛው የማስተርስ ቴሲስ ከዚህ አይወጣም። መልኩና ትእዛዙ ከኤስፒኤስኤስ ጋር የሚመሳሰል ለሚፈልግ ፒኤስፒፒ አለ፤ የጎደለው ነገር ግን ብዙ ነው፣ ለምሳሌ ሚክስድ ሞዴል አይሠራም። ለእሱ አር ነው። የስሌት ሶፍትዌር በሆነው በማትላብ ምትክ ነፃው ኦክታቭ አብዛኛውን ኮድ ያስኬዳል፤ የማትላብን የሞዴል መሥሪያ ሲሙሊንክን ግን አይተካም፤ ስለዚህ የኮንትሮል ምህንድስና ክፍል በእርግጥ የተገዛ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ በጀቱም እዚያ ላይ ቢውል ይሻላል። ለማጣቀሻ ዞቴሮ፣ ለኢኮኖሜትሪክስ ግሬትል፣ ለማህደር ሰቨን ዚፕ አሉ።

ነፃው የካርታ ሶፍትዌር ኩጂስ በሚከፈልበት በአርክጂአይኤስ ምትክ ለማስተማር ከበቂ በላይ ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የቆዩ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ የጂፒኤስ ነጥብ ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 በተባለው ሌላ መነሻ ነው። ለአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ኮዱ 20137፣ ለደብልዩጂኤስ 84 ደግሞ 32637 ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዘላል። ተማሪው «ሶፍትዌሩ ተሳስቷል» ብሎ ወደ ክራኩ የሚመለሰው እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ነው፤ መምህሩ በመጀመሪያው ላብ ሁለቱን ኮዶች ቦርድ ላይ ቢጽፍ ነገሩ አለቀ።

የአማርኛ መጻፊያም ሊነሳ ይገባዋል፤ በሁሉም ላብ ያለ ፈቃድ ከሚጫኑት አንዱ እሱ ነውና። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በቋንቋ ቅንብሩ ውስጥ መጨመር ብቻ ነው። በድምፅ አጻጻፍ ለለመደ ደግሞ ኪይማን በነፃ ይገኛል። ሁለቱም ለዓለም ፊደላት የጋራ በሆነው የፊደል ኮድ በዩኒኮድ ይጽፋሉ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተሰናዱ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ለቴሲስም ለፈተና ጽሑፍም ዩኒኮድ ብቻ ተብሎ ቢወሰን ፎንት ፍለጋ ፍላሽ ማዞር ይቀራል።

የጥያቄ ቅጹ ግማሽ ገጽ ይሁን፦ ሶፍትዌሩ ምንድን ነው፣ ለየትኛው ኮርስ ወይም ጥናት፣ በስንት ኮምፒውተር፣ እስከ መቼ፣ ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው፣ ምን ዓይነት መረጃ ይነካል። ነፃና የታወቀ ከሆነ በ3 የሥራ ቀን፣ ፈቃድ መግዛት የሚፈልግ ከሆነ በ10 ቀን መልስ ይሰጥ፤ «አይሆንም» ከተባለም ምክንያቱና አማራጩ ይጻፍ። ከዚህ ከዘገየ ክራኩ ቀድሞ ይደርሳል። መምህራን የሚቀጥለውን ሴሚስተር የላብ ሶፍትዌር ፈተና ከማለቁ በፊት ቢያስታውቁ የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንት በመጫን አያልፍም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የታካሚና የተማሪ መረጃ የሚይዝን ተቋም በኃላፊነት ይጠይቃል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚሰጠው በእነዚሁ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በማስነሻ ክራክ የሚንገዳገድ ኮምፒውተር በፈተና መካከል ቢጠፋ የሚጎዳው አራትና አምስት ዓመት የለፋ ልጅ ነው።

እስካሁን የተጫነውን ለማጽዳት ቅጣት ማስቀደም አይጠቅምም፤ የተቀጣ ሰው ይደብቃል። የአንድ ወር ጊዜ ተሰጥቶ «ያለህን አሳውቅ፣ አትጠየቅም» ይባል። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፤ ዋይፋዩንም አጥፉ። የጽሑፍ፣ የዳታና የሥዕል ፋይሎችን ብቻ ገልብጡ፤ መጫኛና ማስነሻ ፋይል አትውሰዱ፣ ከሥዕሎቹ አጠገብ ያሉትን የ«ኤልኤስፒ» ፋይሎችም ተዉ። የተገለበጠውን በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ፈትሹ። ሀርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጉ፤ «ሲ»ን ብቻ አጽድቶ «ዲ»ን መተው ክራኩን ከነመጫኛው ማቆየት ነው። ከውስጥ ሰርቨሩ አሻራው በተረጋገጠ ፋይል ጫኑ። በዚያ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ የነበረ ሰው ሁሉ የይለፍ ቃሉን ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ይቀይር፤ እዚያው ኮምፒውተር ላይ፣ ከመጽዳቱ በፊት ከቀየረው አዲሱም ይሰረቃል። ውጤት የሚያስገቡ መምህራን ካሉበት ደግሞ ሬጅስትራሩ ያለፉትን ሦስት ወራት የመግቢያ መዝገብ ከመምህሩ ጋር አብሮ ይይ፤ መምህሩ «በዚህ ሰዓት እኔ አልገባሁም» የሚለው መስመር ከተገኘ በዚያ ቀን የተነካ ውጤት ሁሉ ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ